የቦቦ ሕዝብ የእንስሳት ጭምብል

በአውሮፓና በአሜሪካ ሙዚየሞች «የቦቦ ጭምብል» ተብሎ በመስተዋት ውስጥ የሚታየው ዕቃ ብዙ ጊዜ ሁለት ነገር ይጎድለዋል፤ ይኸውም ትክክለኛ ስሙና አካሉ ነው።

ቦቦዎች በምዕራብ ቡርኪና ፋሶ፣ በቦቦ ዲዩላሶ ከተማ አካባቢና ከዚያም አልፎ በማሊ ወሰን ውስጥ የሚኖሩ ገበሬዎች ናቸው። ቋንቋቸው ከማንዴ ወገን ነው፤ የጎረቤቶቻቸው የብዋዎች ግን ከጉር ወገን ነው። ይሁን እንጂ የዲዩላ ነጋዴዎች ብዋዎቹን «ቀይ ቦቦ»፣ ቦቦዎቹን «ጥቁር ቦቦ» እያሉ ይጠሯቸው ስለ ነበር፣ ቅኝ ገዥዎቹ ፈረንሳዮችም ይህንኑ አጠራር ወረሱ። ስለዚህ በቦቦ ስም የተቀመጠው፣ ክንፉን ወደ ጎን የዘረጋው ትልቅ ቢራቢሮ በእውነቱ የብዋ ሥራ ነው።

አካሉ የተባለው ቃጫው ነው። የጎሹ ወይም የአውራ በጉ ራስ ከእንጨት ተጠርቦ ቀለም ይቀባል፤ ከአንገት በታች ግን ለባሹን የሚሰውረው በቀለም የተነከረ ቃጫ ነው። ሰብሳቢዎች አብዛኛውን ጊዜ ራሱን ወስደው ቃጫውን ትተዋል።

ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበው ግን የክብሩ ተራ መገልበጡ ነው። በቦቦዎች እምነት ፈጣሪው ዉሮ ዓለምን በሚዛን ከፈጠረ በኋላ ከሰው ርቆ ሄደ፤ ልጁን ድዎን ግን ለሰው ተወለት። ሰው ሲመነጥርና ሲያርስ ሚዛኑ ይዛባል፤ የተዛባውን የሚያቃናው ድዎ ሲሆን የሚገለጠውም በጭምብል ነው። ከሁሉ የቀደመው ጭምብል ከትኩስ ቅጠል የሚሠራው ነው፤ ሥርዓቱ ሲፈጸም ስለሚጠፋ ለሙዚየም አይሆንም። የቃጫውና የእንጨቱ ከእርሱ በኋላ የመጡ ናቸው። የእንጨቱ ከብረት ቀጥቃጮች ጋር የተያያዘ ነው፤ እነርሱም ጠራቢዎች ብቻ ሳይሆኑ የድዎ አገልጋዮች ናቸው። ከእንጨቶቹም መካከል «ቦሎ» የሚባሉት፣ የአጋዘን፣ የከርከሮ፣ የዝንጀሮና የአውራ ዶሮ መልክ ያላቸው፣ ለጨዋታ የሚወጡ ናቸው። እንግዲህ በመስተዋት ውስጥ ያለውን ከርከሮ አይቶ «የቦቦ አምላክ ይህ ነው» የሚል ተማሪ የበዓሉን ጨዋታ ከሥርዓቱ ጋር አደባልቋል ማለት ነው።

ጊ ለ ሞአል የተባለው ፈረንሳዊ ተመራማሪ በ1980 እ.ኤ.አ. ስለ ቦቦ ባሳተመው መጽሐፍ ጭምብልን ከነአገልግሎቱ መርምሯል፤ ይህም መንገድ የተሻለ ይመስለኛል። የብዋዎቹም ነገር እንዲሁ ነው፤ በደቡብ ያሉት የእንጨቱን ጭምብል ከጎረቤቶቻቸው ተቀብለው አስፋፉት፤ በሰሜን ያሉት ግን በቅጠሉ ጸንተዋል።