ልጅን በቤት ማስተማር፦ ሕጉ ምን ይጠይቃል?



በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የተዘጉት ትምህርት ቤቶች በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት ወር በየተራ መከፈት ከጀመሩ ወዲህ፣ ወላጆች አንድ ጥያቄ ያነሣሉ። «ልጄ በቤቱ ደኅና ተምሯል፤ እዚያው እንዳይቀጥል የሚከለክል ሕግ አለ?» ይህ የጥያቄው ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ፣ በቤት የተማረውን ልጅ ተማሪ ብሎ የሚቀበል ሕግ አለ ወይ የሚለው ነው።

ከክልከላው እንጀምር። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ግዴታ ነው አይልም። ሆኖም በአንቀጽ 9(4) መሠረት ኢትዮጵያ ያጸደቀቻቸው ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል ናቸው፤ የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን አንቀጽ 28 ደግሞ ይህን ትምህርት ግዴታ ያደርገዋል። ልብ በሉ፤ ግዴታ የተባለው ትምህርት ነው፤ ትምህርት ቤት የሚል ቃል በዚያ ሐረግ የለም። እንግሊዝ በ1996 እ.ኤ.አ. ባወጣችው የትምህርት ሕግ ከትምህርት ቤት ውጭ ያለውን መንገድ በግልጽ ትፈቅዳለች። ጀርመን ግን ትምህርት ቤት መገኘቱን ራሱን አስገድዳለች፤ የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤትም በ2006 እ.ኤ.አ. በኮንራድ ጉዳይ የወላጆቹን አቤቱታ አልተቀበለም።

የእኛ ሕግ በ2013 ዓ.ም. ዝም ብሎ ነበር። ዝምታውን እንደ ፈቃድ የሚቆጥሩ ነበሩ፤ እኔ አልስማማም። የኢኮኖሚ፣ የማኅበራዊና የባህል መብቶች ቃል ኪዳን አንቀጽ 13 ለወላጅ የመምረጥ ነጻነት ሲሰጥ፣ የሚያስመርጠው ዝቅተኛውን መመዘኛ ባሟሉ ትምህርት ቤቶች መካከል ነው። በዚያ ላይ በደጋው አገራችን «ቤት ትማራለች» የሚለው ቃል ከብት ጥበቃንም ያለ ዕድሜ ጋብቻንም ሊሸፍን ይችላል። የሚጠይቅ ከሌለ ማን ያውቃል?

በጎንደር የሚሠራው የቤተሰብ ሕግ የክልሉ አዋጅ ቁጥር 79/1995 መሆኑንም አትርሱ፤ ተማሪዎቼ ዘወትር የፌዴራሉን 213/1992 ይጠቅሱልኛል። በጋብቻ ውስጥ ያሉ አባትና እናት የልጁን አስተዳደግ የሚወስኑት በጋራ ነው፤ አንዱ ወገን ብቻውን ልጁን ከትምህርት ቤት ሊያስቀር አይገባውም።

ወደ ሁለተኛው ግማሽ ስንመጣ ነገሩ ይከብዳል። በ2012 ዓ.ም. ከ8ኛና ከ12ኛ ክፍል በቀር ተማሪዎች ያለ ፈተና ወደሚቀጥለው ክፍል ተዛውረዋል። ይህ በቤት ለተሰጠ ትምህርት የተሰጠ ዕውቅና አልነበረም፤ ልጆቹ ስማቸው ከትምህርት ቤቱ መዝገብ አልወጣም ነበርና። የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ምዝገባም የሚካሄደው በትምህርት ቤት በኩል ነው። የአብነት ትምህርት ቤቶቻችንን ተመልከቱ፦ ቅኔ ተቀኝቶ፣ ድጓ ዘልቆ የወጣ ወጣት ሊቅ ሊባል ይችላል፤ ዕውቀቱ ግን የክፍል ደረጃ ማስረጃ አይሆንለትም።

ስለዚህ ለምሳሌ ትክል ድንጋይ የሚኖር ወላጅ ልጁን ከመዝገብ ከማስወጣቱ በፊት ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ሊያመለክት ይገባል። ልጁ በየትኛው ትምህርት ቤት ይመዘናል? በስንተኛ ክፍል ይመለሳል? ለ8ኛ ክፍል ፈተና ማን ያስመዘግበዋል? መልሱም በጽሑፍ፣ ቁጥርና ማኅተም ያለው ይሁን፤ በቃል የተሰጠ ተስፋ ኃላፊው ሲቀየር አብሮ ይሄዳል። መልስ እስኪመጣ ድረስ ልጁ ክፍሉን አይልቀቅ።