ዘመኑ ያለፈ የኢንሹራንስ ውል የተመረዘ መሬትን ለማጽዳት ስለ መርዳቱ

ከብት ሲታመም መኖውን ይተዋል፥ ጠጕሩም ይቆማል። መሬት ግን መርዝ የጠጣ እንደ ሆነ ሣሩ ለምልሞ፥ ቤትም ተሠርቶበት ሃያና ሠላሳ ዓመት ዝም ይላል። ነገሩ የሚታወቀው የጕድጓዱ ውሃ በተመረመረ ጊዜ ነው። ያን ጊዜ መርዙን የደፋው ፋብሪካ ፈርሶ፥ ባለቤቱም ሞቶ ይገኛል፤ የማጽዳቱም ወጪ መሬቱን በያዘው ሰው ላይ ይወድቃል። በአሜሪካ አገር ለዚህ ወጪ የተገኘ አንድ መንገድ አለ፤ እርሱም በሣጥን ውስጥ ተረስቶ የኖረ አሮጌ የኢንሹራንስ ውል ነው። ገዥዎችና ባለርስቶች ነገሩን በትክክል ያውቁት ዘንድ ከዚህ ቀጥሎ እንገልጻለን። የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው።

በኒውዮርክ ግዛት በኒያጋራ ፎልስ ከተማ ላቭ ካናል የሚባል፥ ቁፋሮው ሳይፈጸም የቀረ ቦይ ነበረ። ሁከር የተባለው የኬሚካል ኩባንያ ከ1942 እስከ 1953 ድረስ 21 ሺህ ቶን የሚያህል የኬሚካል ጥራጊ ቀበረበት፤ በ1953ም ቦታውን ለከተማው የትምህርት ቤት ቦርድ በአንድ ዶላር ሸጠው። ከዚያም ትምህርት ቤት ተሠራ፥ በዙሪያውም ብዙ ሰው ቤት ሠርቶ ሰፈረ። በ1978 ፕሬዚዳንት ካርተር በቦታው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጡ፤ ብዙ ቤተ ሰቦችም ቤታቸውን ትተው ወጡ። ይህ ነገር ከፍ ያለ ድንጋጤ ስላመጣ በ1980 ሱፐርፈንድ የሚባለው ሕግ ታወጀ። ሕጉ ጽኑ ነው፤ ወደ ኋላ ሄዶ ያለፈውን ሥራ ይይዛል፥ መርዙን የደፋውን ብቻ ሳይሆን መሬቱን ዛሬ የያዘውንም ይጠይቃል፥ ከብዙ ባለዕዳዎችም አንዱን ብቻ ይዞ ሙሉውን ሊያስከፍል ይችላል። መሬቱን ከመግዛቱ አስቀድሞ በሚገባ ላስመረመረ ሰው በኋላ መጠነኛ መከላከያ ተሰጥቷል።

እንግዲህ ኢንሹራንሱ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። የአሜሪካ ነጋዴዎችና ባለፋብሪካዎች ከ1940ዎቹ ጀምሮ በሌላ ሰው ንብረት ላይ ለሚያደርሱት ጕዳት ኢንሹራንስ ይገቡ ነበር። የብዙዎቹ ውል የሚመለከተው ጕዳቱ የደረሰበትን ዘመን እንጂ ክስ የቀረበበትን ዘመን አይደለም። ስለዚህ በ1968 ከአንድ በርሜል የፈሰሰ መርዝ በዚያው ዓመት የጎረቤትን ውሃ አበላሽቶ፥ ነገሩ ግን የታወቀው በ1998 ቢሆን፥ ተጠያቂው የ1968ቱ ኩባንያ ነው። ውሉ ጊዜው አልፏል ማለት ዕዳው ቀርቷል ማለት አይደለም። ኩባንያዎቹ ይህን በተረዱ ጊዜ ውላቸውን ማጥበብ ጀመሩ፤ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ድንገተኛ ያልሆነ ብክለትን፥ በ1986 ገደማ ደግሞ ብክለትን ሁሉ ከውሉ አወጡ። አሮጌው ወረቀት ከአዲሱ ይልቅ የሚፈለገው ስለዚህ ነው።

ለእርሻ ጉዳይ የሚቀርበው ምሳሌ የሞንትሮዝ ኩባንያ ነው። ይህ ኩባንያ በካሊፎርኒያ በቶራንስ ከተማ ከ1947 እስከ 1982 ዲዲቲ ይሠራ ነበር፤ ዲዲቲም በአገራችን ለወባ ትንኝ መከላከያ በየቤቱ ሲረጭ የኖረው መድኃኒት ነው። ከፋብሪካው የወጣው እድፍ አፈሩንና ከመሬት በታች ያለውን ውሃ አበላሸ፥ በፍሳሽ ቦይም እስከ ባሕር ደረሰ። መንግሥት በ1990 ከሰሰው። ኩባንያው በበኩሉ ኢንሹራንስ የሰጡትን ሲከስ የካሊፎርኒያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ1995፥ ለብዙ ዓመት ሳያቋርጥ የደረሰ ጕዳት በዚያ ሁሉ ዓመት የነበረውን እያንዳንዱን ውል ይነካል ሲል ፈረደ። ክርክሩ ግን በዚህ አላበቃም፤ በ1961 እና በ1985 መካከል ስለ ተገቡት ተጨማሪ ውሎች ያው ፍርድ ቤት እንደ ገና በ2020 ፍርድ ሰጥቷል። እንዲህ ያለ ሙግት የአንድ ሰው ዕድሜ ሊፈጅ እንደሚችል ከዚህ ይታያል።

ወረቀቱ የጠፋ እንደ ሆነስ? ለዚህ ሥራ ብቻ የቆሙ፥ የኢንሹራንስ አርኬዎሎጂስት የሚባሉ ፈላጊዎች አሉ። የውሉን ቅጂ ባያገኙ የተከፈለበትን ቼክ፥ የሂሳብ መዝገብ፥ የቦርድ ቃለ ጉባኤ፥ ለባንክ ብድር ወይም ለመንግሥት ሥራ የቀረበ የኢንሹራንስ ማስረጃ፥ የቀድሞውን ወኪል ፋይል ይመረምራሉ። እንዲህ ያለው ማስረጃ በፍርድ ቤት ዘንድ ይታያል። ቤቱን በፐርክሎሮኤቲሊን ለሚሠራ የልብስ ንጽሕና ነጋዴ ያከራየ ባለቤት ደግሞ የተከራዩንም አሮጌ ውል መፈለግ አለበት፤ የአከራዩ ስም በተጨማሪ ተጠቃሚነት ተጽፎበት የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነውና። ይህን ዘዴ ባለቤቶች ብዙ ጊዜ ይዘነጉታል።

ይህ ሁሉ በአሜሪካ ሕግ የቆመ ስለ ሆነ ወደ ሌላ አገር እንዳለ አይሻገርም፤ በዚያም ቢሆን ከግዛት ግዛት ይለያያል። የኢንዲያና ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ1996 ብክለትን የሚያወጣው ቃል ግልጽ አይደለም ብሎ በነዳጅ ማደያ ጉዳይ ለባለውሉ ፈርዷል፤ ሌሎች ፍርድ ቤቶች ግን ቃሉን እንደ ተጻፈ አጽንተውታል። ኦሬጎንም በ1999 ለባለውሉ የሚረዳ ልዩ ሕግ አውጥታለች።

ባለመሬቱ የሚስትባቸው ሦስት ነገሮች አሉ። አስቀድሞ ለኩባንያው ሳያስታውቅ በራሱ ገንዘብ ማጽዳት የጀመረ እንደ ሆነ፥ ያወጣውን ላያገኝ ይችላል። ሁለተኛ፥ ውሉ የሚከፍለው ስለ ሌላ ሰው ንብረት ስለ ሆነ ኩባንያው የገዛ መሬትህ ነው ብሎ ይከራከራል፤ መርዙ ከመሬት በታች ወዳለው ውሃ ወይም ወደ ጎረቤት መሬት መድረሱን በምርመራ ማስረዳት ስለዚህ ያስፈልጋል። ሦስተኛው ከሁሉ ይብሳል፤ ኩባንያው አንድ ጊዜ ገንዘብ ከፍሎ ውሉን መልሶ ለመግዛት ይጠይቃል። በዚህ ወረቀት ላይ የፈረመ ሰው፥ ከአምስት ዓመት በኋላ በመሬቱ ማዶ ሌላ የተቀበረ በርሜል ቢገኝ፥ ወጪውን የሚከፍለው ከራሱ ኪስ ነው።