አመል የሚመስለው የስሜት ሕዋሳት ችግርና ለሕጻናቱ የሚደረግ ድጋፍ

በሰሜን ሸዋ ዞን የሞጃና ወደራ ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው ሰላ ድንጋይ የማለዳው ብርድ ብርቱ ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራት ውርጩ ሲበረታ ወላጆች ልጆቻቸውን በሱፍ ሹራብ ሸፋፍነው ወደ ትምህርት ቤት ይልካሉ፤ ማታም ከመንዝ በግ ጸጉር የተሠራ ባና ያለብሷቸዋል። ለአብዛኛው ሕጻን ይህ ሙቀት ነው። የሱፉ መኮስኮስ እንደ እሾህ የሚወጋው ልጅም ግን አለ። ሹራቡን አውልቆ ይጥላል፣ በብርድ እየተንቀጠቀጠም ዳግም አልለብስም ብሎ ያለቅሳል። ለዚህ በቤተሰቡ የሚሰጠው ስም ብዙውን ጊዜ ቅብጠት ነው።

ይኸው ልጅ በረዶ የክፍሉን ቆርቆሮ ክዳን ሲደበድበው ጆሮውን ይዞ ከጠረጴዛ ሥር ይገባ ይሆናል። ዘመድ ሊስመው ሲል ይሸሻል፣ ጸጉሩ ሲበጠር ይጮኻል፣ ጉርሻ ሲቀርብለት አፉን ይዘጋል። ታላላቆችን መሳምና ጉርሻ መቀበል የጨዋነት ምልክት በሆነበት ኅብረተሰብ ውስጥ እንዲህ ያለው ልጅ ባለጌ፣ ወላጆቹም ልጅ መቅጣት የማያውቁ ተደርገው መታየታቸው አይቀርም። ችግሩ ግን ከአስተዳደግ የመጣ ላይሆን ይችላል።

የሰው አንጎል ከስሜት ሕዋሳት የሚደርሰውን መረጃ እየተቀበለ አስፈላጊውን ካላስፈላጊው ይለያል። በቢሮው ተቀምጦ የሚሠራ አንድ ሠራተኛ የሸሚዙን አንገትጌ፣ የወንበሩን ጥንካሬና የኮሪደሩን ጫጫታ ዘወትር አያስተውልም፤ አንጎሉ ወደ ጎን ይተውለታልና። ይህ የማጣራት ሥራ በአግባቡ በማይከናወንላቸው ሕጻናት ዘንድ ግን ሁሉም መረጃ በአንድ ጊዜና በእኩል ኃይል ይደርሳል። በአንጻሩ መረጃው እጅግ ደክሞ የሚደርሳቸውም አሉ። እነዚህኞቹ ስማቸው ሲጠራ አይዞሩም፣ ወድቀው ሲቆስሉ አያለቅሱም፣ የጋለ ምጣድ ሲነኩ እጃቸውን ፈጥነው ላይሰበስቡ ይችላሉ። ሌሎች ደግሞ ስሜቱን ፍለጋ ያለማቋረጥ ይዘላሉ፣ ይሽከረከራሉ፣ ያገኙትን ሁሉ ያኝካሉ። አንድ ልጅ ለድምፅ ቁጡ፣ ለሕመም ደግሞ ደንዛዛ ሊሆንም ይችላል።

በዚህ ረገድ የሚነሱት የስሜት ሕዋሳት በተለምዶ የሚታወቁት አምስቱ ብቻ አይደሉም። በውስጠኛው ጆሮ የሚገኘው የሚዛን ስሜትና ከጡንቻና ከመገጣጠሚያ የሚመነጨው የሰውነት አቀማመጥ ስሜትም ይታከሉበታል። ጉዳዩን በስፋት ያጠኑት አሜሪካዊቷ ዶክተር ጂን አየርስ ሲሆኑ፣ ሐሳባቸውን የያዘው መጽሐፍ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1972 ነው። ሙያቸው ሰዎች የዕለት ተዕለት ተግባራቸውን ራሳቸው እንዲያከናውኑ የሚያግዘው ኦኩፔሽናል ቴራፒ የተባለው ዘርፍ ነበር።

እዚህ ላይ መታወቅ ያለበት ጉዳይ አለ። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው የምርመራ መመሪያ ለስሜት ሕዋሳት መረጃ ከመጠን በላይ ወይም በታች ምላሽ መስጠትን ከኦቲዝም ምልክቶች አንዱ አድርጎ አካትቶታል፤ ራሱን የቻለ የበሽታ ስም ግን አልሰጠውም። የዚያው አገር የሕጻናት ሐኪሞች አካዳሚም እ.ኤ.አ. በ2012 ሐኪሞች ይህን ስያሜ እንደ ተለየ የበሽታ ምርመራ ውጤት እንዳይጠቀሙበት መክሯል። ችግሩ የኦቲዝምና የትኩረት ማነስ ችግር ባለባቸው ልጆች ላይ ይበረታል፤ ሌላ ምንም ችግር በሌለባቸውም ላይ ይታያል። ስለሆነም ወላጅ በቅድሚያ ልጁን ወደ ጤና ተቋም ወስዶ ጆሮውን፣ ዓይኑንና ቆዳውን ማስመርመር ይኖርበታል። ስሙ ሲጠራ የማይዞር ልጅ የመስማት ችግር፣ ልብስ የሚያስለቅሰውም እከክ ሊኖርበት ይችላል።

ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ በአብዛኛው የሚከናወነው በቤት ውስጥ ሲሆን፣ የሚጠይቀው ገንዘብ ጥቂት ነው። ብርድ በበረታበት አካባቢ ልጁን ያለ ልብስ መተው አይቻልም። ሹራቡ ቆዳውን እንዳይነካ ከሥሩ የለሰለሰ የጥጥ ልብስ ማልበስ፣ ስፌቱ የሚያስቸግር ከሆነ የውስጥ ልብሱን ገልብጦ ማልበስ፣ አዲስ ልብስ ሲገዛ ደጋግሞ አጥቦ ማለስለስ ይቻላል። ከሱፍ ባና ይልቅ በእጅ የተፈተለ የጥጥ ጋቢ የሚስማማው ልጅም ይኖራል።

የእጅ አነካክም ልዩነት ያመጣል። ለብዙዎቹ ሕጻናት በስሱ መዳሰስ ከጠበቅ ያለ አያያዝ ይልቅ ይረብሻል። በመሆኑም ጸጉር ሲበጠር ወይም ቅቤ ሲቀባ አስቀድሞ መንገር፣ ከኋላ በድንገት አለመንካት፣ መዳፍን በራሱ ላይ ጠበቅ አድርጎ ማሳረፍ ይረዳል። ስንት ጊዜ እንደሚበጠር ቆጥሮ መንገርና በተባለው ቁጥር ላይ ማቆም ልጁ ማብቂያውን አውቆ እንዲታገሥ ያደርገዋል። ለእንግዳ ሰላምታም ከመሳም ይልቅ እጅ መንሣት እንዲበቃው ቤተሰቡ ሊፈቅድለት ይገባል፤ ይህም ከባህሉ ውጭ አይደለም።

ጡንቻንና መገጣጠሚያን የሚያሠሩ ሥራዎች ዕረፍት የለሽ የሆነውን ልጅ ሊያረጋጉት እንደሚችሉ የዘርፉ ባለሙያዎች ይናገራሉ። በባለጸጎቹ አገሮች ለዚህ የሚሆን ልዩ መሣሪያ ይሸጣል። በሰሜን ሸዋ ቤት ግን ሙቀጫና ዘነዘና፣ የሚቦካ ሊጥ፣ የውኃ ጀሪካንና የማገዶ እንጨት አለ። ልጁ ወደ ትምህርት ቤት ከመሄዱ በፊት እንደ አቅሙ ጥቂት ቡና ቢወቅጥ ወይም አነስ ያለ ጀሪካን ቢሸከም ሥራውም እርጋታውም በአንድነት ይገኛል። ሸክሙ ከዕድሜው እንዳይበልጥ መጠንቀቅ ግን ያስፈልጋል።

ሆኖም ከባድ ነገር ሁሉ መድኃኒት ነው ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2014 በእንግሊዝ ይፋ የተደረገ ጥናት ኦቲዝም ያለባቸውን 67 ሕጻናት ክብደት በተጨመረበት ብርድ ልብስ በማስተኛት የመረመረ ሲሆን፣ የእንቅልፋቸው መጠን እንዳልጨመረ አረጋግጧል። ሕጻናቱና ወላጆቻቸው ብርድ ልብሱን ወደውታል፤ መውደድና መፈወስ ግን የተለያዩ ናቸው። በዚህ ስም ውድ ዕቃ እንዲገዛ የሚገፋፋ ወላጅ ይህን ቢያውቅ ይጠቀማል።

የምግብ ጉዳይ ትዕግሥትን ይጠይቃል። የእንጀራው ልስላሴ ወይም የወጡ ቅመም የሚያስቸግረውን ልጅ በግድ ማጉረስ ፍርሃቱን ያብሰዋል። ወጡን ከእንጀራው ለይቶ ማቅረብና አዲስ ምግብን በትንሹ ከጎን አስቀምጦ ራሱ እስኪነካው መጠበቅ ይሻላል። ክብደቱ እየቀነሰ ከሄደ ግን ጉዳዩ ወደ ጤና ባለሙያ መቅረብ አለበት። እንደ ጥምቀት ባሉ በዓላትም የከበሮውና የእልልታው ድምፅ ከመጀመሩ በፊት ለልጁ መንገርና ከሕዝቡ ራቅ ብሎ የሚቆምበትን ቦታ ማዘጋጀት ከበዓሉ ሳይቀር እንዲውል ይረዳዋል።

በአዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ2002 የተቋቋመው ጆይ የኦቲዝም ማዕከል መነሻ አንዲት እናት ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2021 ከዚህ ዓለም በሞት የተለዩት ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ኦቲዝም ላለበት ልጃቸው የሚሆን ትምህርት ቤት በማጣታቸው ማዕከሉን ከፍተዋል። በወላጆች ጥረት የተመሠረተው ነህምያ የኦቲዝም ማዕከልም የሚገኘው በዚያው በአዲስ አበባ ነው። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ከምትርቀው ከደብረ ብርሃንም ባሻገር ለሚገኘው የሰላ ድንጋይ ወላጅ እነዚህ ማዕከላት ቅርብ አይደሉም። ልጁን በየዕለቱ የሚያገኘው ባለሙያ የክፍሉ መምህር ነው።

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ ጥናት የአጸደ ሕጻናት ልጆች ወላጆችን ጠይቆ፣ በጥንቃቄ በተሰላ ግምት 5 ነጥብ 3 በመቶ የሚሆኑት ሕጻናት የችግሩን ምልክት እንደሚያሳዩ ገልጿል። አኃዙ ለኢትዮጵያ እንዳለ የሚወሰድ አይደለም፤ ግማሹ እንኳ ቢሆን ግን 50 ተማሪ ባለበት ክፍል አንድ ልጅ ይኖራል ማለት ነው። መምህሩ ልጁን ከበርና ከመስኮት አርቆ ቢያስቀምጠው፣ በሰልፍ ላይ የመጀመሪያው ወይም የመጨረሻው ቢያደርገው፣ የተንጠለጠለው የደወል ብረት ከመመታቱ በፊት ምልክት ቢሰጠው፣ መቀመጥ ሲያቅተው ሰሌዳ እንዲያጠፋ ቢልከው የሚጠየቅ በጀት የለም።

የሕግ መሠረቱም አለ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ሕጻናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነጻ እንደሆኑ ይደነግጋል። ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም እንደየግለሰቡ ፍላጎት ተመጣጣኝ ማመቻቸት እንዲደረግ ያስገድዳል። በተግባር ማመቻቸት ሲባል ቶሎ የሚታሰበው ለተሽከርካሪ ወንበር የሚሠራው መወጣጫ ነው። ጆሮውን ይዞ ለሚያለቅሰው ልጅ ግን መወጣጫው የተቀመጠበት ቦታና የመምህሩ ዕውቀት ነው። በመሆኑም ጉዳዩ በወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤቶችና በመምህራን ሥልጠና ዕቅድ ውስጥ ስፍራ ሊያገኝ ይገባል።

ለጅምሩ የሚሆን አጋጣሚ በየዓመቱ በነሐሴ መጨረሻና በመስከረም ይመጣል። በምዝገባ ወቅት ወላጅ ስለ ልጁ ሦስት ጥያቄ ቢጠየቅ፣ ማለትም የትኛው ድምፅ ወይም ንክኪ ያስጨንቀዋል፣ ሲጨነቅ ምን ያደርጋል፣ በቤት ውስጥ የሚያረጋጋው ምንድን ነው ተብሎ መልሱ ለክፍሉ መምህር ቢደርስ፣ ልጁ ጆሮውን በሚይዝበት በመጀመሪያው ቀን መምህሩ ምክንያቱን ያውቃል።