የኖርማንዲ ነው የተባለው ፓኮ

ሻጩ በላስቲክ ከረጢቱ ላይ በለጠፈው ካርድ «ኖርማንዲ፣ ጁን 1944» ብሎ ጽፏል። ከረጢቱ ውስጥ ሦስት የሲጋራ ፓኮዎች አሉ። አንዱ ሃያ ሲጋራ የሚይዝ ነጭ ላኪ ስትራይክ ነው፤ ሁለቱ አራት አራት ብቻ የሚይዙ ትንንሾች ናቸው፤ አንደኛው ዊንስተን፣ ሌላው ቼልሲ። የገዙት ጋሼ ናቸው፤ እዚህ ቨርጂኒያ የምናውቃቸው ሁሉ እንዲህ ነው የምንጠራቸው። አባታቸው ከቃኘው ሻለቃ ጋር ኮሪያ ዘምተው የተመለሱ ወታደር ነበሩ። ከዚያ የተነሳ ይመስለኛል የጋሼ ሳሎን በኮዳ፣ በራስ ቁር፣ በሜዳሊያና በኮቸሮ ቆርቆሮ የተሞላው። እኔ ደግሞ የድሮ ወረቀት አገላብጬ ዕድሜውን መፈለግ ስለምወድ አስጠሩኝ።

«ካርዱ የሚለውን ተወው፤ እስቲ ዕቃው ምን እንደሚል ንገረኝ» አሉኝ።

እንዲህ ያለውን ዕቃ ስመረምር ከአንድ ሕግ አልወጣም። ፓኮው ላይ ካሉት ምልክቶች ሁሉ ዕድሜውን የሚወስነው ዘግይቶ የመጣው ነው። ብዙዎቹ ምልክቶች ለ1944 ቢመሰክሩና አንዱ ብቻ ከ1954 በፊት ያልነበረ ሆኖ ቢገኝ፣ ፓኮው ከ1954 በፊት ሊሠራ አይችልም። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው።

ዊንስተኑ በዚህ ሕግ ወዲያው ወደቀ። ዊንስተን ለገበያ የቀረበው በ1954 ነውና ኖርማንዲ የወረደ ወታደር ኪስ ውስጥ ሊገኝ አይችልም። በዚያ ላይ በጎኑ ሲጋራ ማጨስ ለጤና አደገኛ ሊሆን እንደሚችል የሚገልጽ ማስጠንቀቂያ ታትሞበታል። ይህ ጽሑፍ በአሜሪካ ፓኮዎች ላይ ግዴታ የሆነው ከጃንዋሪ 1966 ጀምሮ ነው። በ1970 ደግሞ በሌላ፣ ጠንከር ባለ አነጋገር ተተካ። ጋሼ እጅ ያለው የፊተኛው ለዘብተኛው ነው፤ ስለዚህ ፓኮው የቬትናም ዘመን ነው። ሻጩን ያሳሳተው የአራት ሲጋራ ማሸጊያ መሆኑ ሳይሆን አይቀርም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት «ኬ ራሽን» ይባል የነበረው የወታደር ስንቅ በየቁርሱ፣ በየምሳውና በየራቱ ካርቶን ውስጥ አራት ሲጋራ ይይዝ ነበር። ነገር ግን ሲጋራ ከአሜሪካ ጦር ስንቅ የወጣው በ1975 ስለሆነ፣ የአራት ሲጋራ ፓኮ ብቻውን ዘመን አይነግርም።

ወደ ላኪ ስትራይኩ ስንዞር ጋሼ ተስፋ አልቆረጡም። «ነጭ መሆኑ የጦርነቱ ምልክት አይደለም እንዴ?» አሉኝ።

በከፊል ልክ ናቸው። ላኪ ስትራይክ እስከ 1942 አረንጓዴ ነበር። በዚያ ዓመት ኩባንያው በሬዲዮ «የላኪ ስትራይክ አረንጓዴ ዘምቷል» እያለ ማስነገር ጀመረ። የተሰጠው ምክንያት ለቀለሙ የሚያስፈልጉት ማዕድናት ለጦር ኃይሉ ስለተፈለጉ ነው የሚል ነበር። እውነትም አረንጓዴው ቀለም ክሮሚየም፣ ወርቃማው ጠርዝ መዳብ ይፈልግ ነበር፤ ሁለቱም በጦርነቱ ጊዜ እንደ ልብ የሚገኙ አልነበሩም።

ነገሩ ግን ከጦርነቱ ይቀድማል። የአሜሪካን ቶባኮ ኩባንያ አለቃ ጆርጅ ዋሽንግተን ሂል ሴቶች አረንጓዴውን ፓኮ እንደማይወዱት ካወቀ ቆይቶ ነበር፤ ከልብሳቸው ጋር አይሄድላቸውም። በ1934 ኤድዋርድ በርኔይስ የተባለውን የሕዝብ ግንኙነት ሰው ቀጥሮ ፓኮውን ሳይሆን ፋሽኑን ለመለወጥ ሞከረ። በርኔይስ ኒውዮርክ ውስጥ በዋልዶርፍ አስቶሪያ ሆቴል ባለጸጋ ሴቶች አረንጓዴ ለብሰው የሚታደሙበት «የአረንጓዴ ምሽት» እንዲዘጋጅ አደረገ። በ1940 ደግሞ ሂል ፓኮውን አሳምርልኝ ብሎ ከዲዛይነሩ ሬይመንድ ሎዊ ጋር በ50,000 ዶላር ተወራረደ። ሎዊ መደቡን ነጭ አደረገው፤ ቀዩን ክብ ምልክትም በፊትም በኋላም አደረገው፣ ፓኮው በየትኛውም በኩል ቢወድቅ ስሙ እንዲታይ። ነጩ ፓኮ እንግዲህ ታስቦበት የቆየ ነው፤ ጦርነቱ የአገር ፍቅር ካባ አለበሰው። ይህ የማስታወቂያ ብልጠት እስካሁን ድረስ ሰብሳቢዎችን ማሳሳቱ ያስደንቀኛል።

ለእኛ ምርመራ ዋናው ነጥብ ግን ነጭነቱ የሚነግረን መነሻውን ብቻ መሆኑ ነው። ፓኮው ከ1942 አይቀድምም። ጦርነቱ ካበቃ በኋላም አረንጓዴው አልተመለሰምና እስከ መቼ እንደሚሄድ ከቀለሙ ማወቅ አይቻልም።

ፓኮውን ገልብጠን ሥሩን አየን። ኤል.ኤስ./ኤም.ኤፍ.ቲ. የሚሉ ፊደላት አሉ፤ ላኪ ስትራይክ ማለት ጥሩ ትምባሆ ማለት ነው የሚለው መፈክር አኅጽሮት ነው። ፓኮው ላይ የመጣው ጦርነቱ ሊያበቃ ሲል ስለሆነ፣ የካርዱን ቃል አጠራጣሪ አደረገው። አፉ ቀድሞውኑ ተከፍቶ ስለነበር ውስጡን ማየት ቻልን። ሲጋራዎቹ የተጠቀለሉት በብርማ ወረቀት ነው። እዚህ ላይ መጠራጠሬ በረታ። በጦርነቱ ዓመታት ብረት ነክ ነገር ሁሉ ስለተቆጠበ የአሜሪካ ፓኮዎች በተራ ወረቀት ይሸፈኑ ነበር፤ ብርማው የተመለሰው ከሰላም በኋላ ነው።

የመጨረሻውን ቃል የተናገረው ግን ቴምብሩ ነው። በዚያ ዘመን እያንዳንዱ የአሜሪካ ፓኮ በአናቱ ላይ ቀጭን ሰማያዊ የቀረጥ ቴምብር ይለጠፍበት ነበር። በመካከሉ የኒውዮርክ ገዥ የነበረው የዴዊት ክሊንተን ምስል አለ፤ በጠርዙ ደግሞ «ሲሪስ» ከሚለው ቃል ቀጥሎ ባለ ሦስት አኃዝ ቁጥር። ያ ቁጥር የዓመት ምስጢር ነው። 1830 ሲደመርበት ቴምብሩ የወጣበት ዓመት ይገኛል። 112 ማለት 1942፣ 114 ማለት 1944 ነው። አሠራሩ እስከ 125 ማለትም እስከ 1955 ቀጥሎ፣ ያው ቁጥር ቴምብሩ ራሱ እስከቀረበት እስከ 1959 አገልግሏል። የተረፈ ቴምብር በሚቀጥለው ዓመት ሊለጠፍ ስለሚችል ቁጥሩ «ከዚህ አይቀድምም» ብሎ ነው የሚመሰክረው።

ችግሩ አጫሹ ፓኮውን ሲከፍት ቴምብሩን መቅደዱ ነው። በማጉያ መነጽር ያየሁት 12 ብሎ ይቆማል፤ ሦስተኛው አኃዝ የለም። ለካርዱ ይህ በቂ ሞት ነበር፤ 12 ብሎ የሚጀምር ቁጥር ከ1950 ወዲህ ነው። ጋሼ ግን ቀና አሉ።

«1950 ከሆነማ ኮሪያ ነዋ!»

ቀሪውን አኃዝ ፍለጋ ሴሎፎኑን በወረንጦ ቀስ ብዬ ገለጥ አደረግሁት። ከቴምብሩ የተገነጠለው ቁራጭ ከጎኑ ታጥፎ ተጣብቆ ቀርቷል። ላዩ ላይ 2 አለ። 122 ሲደመር 1830፣ 1952 ነው። በዚያ ዓመት ሁለተኛው ቃኘው ሻለቃ ኮሪያ ግንባር ላይ ነበር። ጋሼ ወንበራቸውን ስበው ተጠጉ።

የሚቀጥለውን መናገር ከበደኝ፤ መናገር ግን ነበረብኝ። «ጋሼ፣ ሰማያዊው ቴምብር እኮ የቀረጥ ደረሰኝ ነው። በ1952 ለእያንዳንዱ ፓኮ 8 ሳንቲም የፌዴራል ቀረጥ ይከፈል ነበር። ባሕር ማዶ ላለ ሠራዊት የሚላከው ሲጋራ ግን ከቀረጥ ነጻ ነው። ይህ ፓኮ የተሸጠው እዚሁ አሜሪካ ውስጥ ነው።»

«ከቤተሰብ በፖስታ ተልኮለት ቢሆንስ?»

«ሊሆን ይችላል። ግን ያንን የሚያሳይ ነገር የለውም፤ ከሌለው ደግሞ እኛ አንጨምርለትም።»

ዝም ብለው ቆይተው ፓኮውን ወደ ከረጢቱ መለሱት።

የቀረው ቼልሲው ነው፤ ሻጩም ጋሼም እምብዛም ልብ ያላሉት፣ ስሙን ማንም የማያስታውሰው። ቼልሲን ያመርት የነበረው ላረስ ኤንድ ብራዘር የተባለው የሪችመንድ ኩባንያ ነው፤ ሪችመንድ ደግሞ የዚሁ የቨርጂኒያ ዋና ከተማ ናት። ቼልሲ በታላላቆቹ ብራንዶች ጥላ ሥር የኖረ ሲሆን፣ በኬ ራሽን ካርቶኖች ውስጥ ከነላኪ ስትራይክ፣ ከነካሜልና ከነቸስተርፊልድ ጋር ይገባ ነበር። የጤና ማስጠንቀቂያ የለበትም፤ ብርማ ወረቀትም የለውም። የኅትመቱን ጠርዝ በማጉያ ተከተልሁት፤ ቀለሙ ሙሉና ደረቅ ነው፣ የዛሬ ማተሚያ የሚተወው የነጠብጣብ ርጭት አይታይበትም። ይህን የማየው ለፊልምና ለጦርነት ትርዒት ተብለው የሚሠሩ ቅጂዎች ስለበዙ ነው።

መብራት አጥፍተን ሐሰተኛ ገንዘብ ለመለየት የሚያገለግለውን አልትራቫዮሌት አበራሁ። ዘመናዊ ወረቀት የሚያነጣ ኬሚካል ስላለበት በዚህ ብርሃን ሰማያዊ ሆኖ ይንቦገቦጋል፤ የጦርነቱ ዘመን ወረቀት ይህ ኬሚካል የለውም። ካርዱ ራሱ፣ «ኖርማንዲ» የተጻፈበት፣ ቦግ አለ። ቼልሲው ደብዝዞ ቀረ።

ፍርዴን እንዲህ ሰጠሁ። የጦርነቱ ዘመን መሆኑን የሚቃወም አንድም ምልክት የለበትም፤ ስሙም መጠኑም ወረቀቱም ይስማማሉ። ኖርማንዲ ይድረስ አይድረስ የሚመሰክር ነገር ግን የለም። ለማንም ቢሸጡት ከዚህ ያለፈ ቃል እንዳይሰጡ ነገርኋቸው፤ ተስማሙ። ስንቅ ተብሎ አራት አራት ሲጋራ የታደለው የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ዕድሜ ልኩን አጫሽ ሆኖ መቅረቱን ሳስብ ያመኛል። በፓኮው ጎን ማስጠንቀቂያ የተጻፈለት ጦርነቱ ካበቃ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ይህም የዕቃው ታሪክ ነውና ሰብሳቢ ሊረሳው አይገባም።

አንባቢዎቼ፣ የቃኘው ዘማች ልጆች ወይም የልጅ ልጆች ከሆናችሁ፣ እባካችሁ ሣጥኑን ፈትሹ። ቃኘው በሜይ 1951 ፑሳን ወርዶ ከአሜሪካ 7ኛ ክፍለ ጦር 32ኛ እግረኛ ሬጅመንት ጋር ስለተሰለፈ፣ ስንቁም ሲጋራውም ከአሜሪካ መጋዘን ነበር። ፓኮ ብታገኙ ሴሎፎኑን አትግለጡ፣ ቴምብር ካለው አትንቀሉ፣ የታጠፈውን አትዘርጉ። ከቀረጥ ነጻ ስለነበር ቴምብር ባይኖረው አትጣሉት፤ እንዲያውም የበለጠ ያዙት። ማን እንዳመጣው፣ ከየት እንደመጣና ለማን እንደተሰጠ የሚያውቅ ሽማግሌ በሕይወት ካለ ዛሬውኑ ጠይቃችሁ ጻፉ፤ ከነቀኑና ከነስማችሁ።