ወድቆ የተመለሰው ሰርቨር

ክረምት ላይ ባሮ ሲሞላ የኢታንግና የላሬ ቀበሌዎች በውሃ ይከበባሉ። ከጤና ጣቢያ ወደ ጋምቤላ ከተማ የወረቀት ሪፖርት ማድረስ ያን ጊዜ ጭንቅ ነው። ጤና ሚኒስቴር በአገር ደረጃ የሚጠቀምበት ዲኤችአይኤስ 2 ሸክሙን ያቀልላል፤ የወባው፣ የክትባቱና የወሊዱ ቁጥር ኔትወርክ ከተገኘበት ይላካል። የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ሥራ የሆነው ይህ ሥርዓት መረጃውን የሚያስቀምጠው ፖስትግሬስ በተባለ ዳታቤዝ ውስጥ ነው። ፖስትግሬስን የያዘው ሰርቨር ቢወድቅስ?

የአገልግሎት መቋረጥ ጣጣ የሚያመጣ ከሆነ ዳታቤዙ ለአንድ ሰርቨር ብቻ አይተውም። ብዙ ጊዜ ሦስት ሰርቨሮች ይቆማሉ፤ አንድ ላይ ክላስተር፣ እያንዳንዳቸው ኖድ ይባላሉ። የሚጻፈው ሁሉ በመሪው ኖድ በኩል ያልፋል። መሪው ለውጡን በቅድሚያ ዋል በሚባል መዝገብ ላይ በተራ ያሰፍራል፤ ተከታዮቹ እየተቀበሉ ይደግሙታል።

መሪው ሲሞት ተተኪ ከሚያስቀምጡ ፕሮግራሞች አንዱ ፓትሮኒ ነው። የጀርመኑ ዛላንዶ ያበለጸገው ይህ ፕሮግራም መሪነትን ጊዜ በተወሰነለት ቁልፍ ይይዘዋል። ማንም ካልቀየረው ዕድሜው 30 ሰከንድ ነው፤ መሪው በየ10 ሰከንዱ ያድሰዋል። ሳያድስ ከቀረ ከተከታዮቹ አንዱ ይወስደዋል። ቁልፉን የሚጠብቀው ክፍል በአብላጫ ድምፅ ስለሚሠራ ቢያንስ ሦስት አባላት ይፈልጋል፤ ከሁለት አንዱ ቢጠፋ የቀረው ብቻውን አብላጫ አይሆንም።

እስከዚህ ያለው ቀላሉ ነው። ጣጣው የሚመጣው የሞተው ሲነሳ ነው፤ እስከሚያውቀው ድረስ መሪው እሱ ነበር። ሁለት ጸሐፊዎች በሁለት መዝገብ መዋጮ የተቀበሉበትን ዕድር ያስቡ። አሮጌው መሪ ከመውደቁ በፊት ጽፎ ለማንም ያላደረሰው መስመር ሊኖር ይችላል፤ አዲሱ ደግሞ ከዚያ ወዲህ የራሱን ታሪክ ጀምሯል።

ታሪካቸው ካልተለያየና የጎደለው ዋል ከተገኘ፣ ኖዱ ያመለጠውን ተቀብሎ ይደርሳል። ከተለያየ ግን ፒጂ ሪዋይንድ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣው የፖስትግሬስ 9.5 ስሪት የተካተተው ይህ መሣሪያ ሁለቱ የተለያዩበትን ነጥብ ፈልጎ በዋናነት ከዚያ ወዲህ የተለወጡትን ገጾች ከአዲሱ መሪ ያመጣል። አስፈላጊው ቅንብር አስቀድሞ ካልተከፈተ ግን አይሠራም፤ ያኔ የቀረው መንገድ የኖዱን መረጃ ጠርጎ ሙሉ ቅጂ እንደገና ማውረድ ነው፤ መስመሩ ቀጭን ከሆነ ሰዓታት ይፈጃል።

ብዙዎች ሪዋይንድን እንደ ተአምር ያወሩለታል። እኔ እጠነቀቀዋለሁ፤ ያልደረሱትን መስመሮች የሚጥላቸው እሱ ነውና፣ ከማስኬድ በፊት የአሮጌውን ዲስክ ቅጂ መያዝ ይበጃል። መሪው ተከታዩ መቀበሉን ሳያረጋግጥ «ተመዝግቧል» እንዳይል ማድረግም ይቻላል፤ ዋጋው መዘግየት ነው። ለባንክ ሒሳብ ይህን ዋጋ መክፈል ግድ ይመስለኛል። ለወርኃዊ የወባ ድምር ግን ዋናው የወረቀት መዝገብ ጤና ጣቢያው ውስጥ እስካለ ድረስ ያን ያህል አያስፈልግም።

ኖዱ ከተመለሰ በኋላ የሚታየው ከመሪው ምን ያህል ወደ ኋላ እንደቀረ ነው። የወደቀበት ምክንያት፣ ዲስክም ይሁን መብራት፣ ሳይጣራ መሪነቱን ልመልስለት ማለት ሁለተኛ ውድቀትን መጋበዝ ነው፤ አዲሱ መሪ ደህና እየሠራ ከሆነ ደግሞ መመለሱ ራሱ አያስፈልግም።