እንግዳን የመምራት ጥበብ
አካል ጉዳተኛ መንገደኞችን ለማስተናገድ ስለሚሰጠው ሥልጠና

የዐቢይ ጾም አራተኛው ሰንበት መጻጉዕ ተብሎ በሚጠራበት በአገራችን፣ 38 ዓመት በአልጋው ተኝቶ፣ ውኃው በተናወጠ ጊዜ ወደ መጠመቂያው የሚያወርደው አጥቶ የኖረውን የዚያን ድውይ ታሪክ ያልሰማ ምእመን አይገኝም። ታሪኩ ሲነበብ ልባችን ከሁሉ አስቀድሞ የሚያዝነው ስለ ደዌው ነው፤ ድውዩ ግን ለጌታ ችግሩን በገለጸ ጊዜ ያነሣው ደዌውን ሳይሆን ሰው ማጣቱን ነበር። መጠመቂያው ቅርብ ነበረ፤ የጎደለው ከአልጋው እስከ ውኃው ያለችውን አጭር መንገድ አብሮት የሚሄድ ሰው ነበረ። ዛሬ በልዩ ልዩ አገሮች ለአስጎብኚዎች፣ ለሆቴል አስተናጋጆች፣ ለአውሮፕላን ማረፊያ ሠራተኞችና ለሾፌሮች የሚሰጠው ሥልጠና፣ ይህችን አጭር መንገድ አብሮ መሄድ የሚያውቅ ሰው ለማፍራት የታሰበ ትምህርት ነው።

ጉዳዩ የጥቂቶች ጉዳይ አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚለው 1.3 ቢሊዮን የሚያህል ሕዝብ፣ ይኸውም ከስድስት ሰው አንዱ፣ ከባድ የሆነ የአካል ወይም የአእምሮ ጉዳት አለበት። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. ያጸደቀው፣ አገራችንም በ2002 ዓ.ም. የተቀበለችው የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት፣ በ30ኛው አንቀጹ ባህልን፣ መዝናኛንና ስፖርትን ሲዘረዝር የቱሪዝም አገልግሎትንም ጨምሮ ጠቅሷል። የዓለም የቱሪዝም ቀን አብዛኛውን ጊዜ ከእኛ የመስቀል በዓል ጋር እየገጠመ የሚከበር ሲሆን፣ የ2009 ዓ.ም. መሪ ሐሳቡ ቱሪዝም ለሁሉ እንዲዳረስ የሚያሳስብ ነበር። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጃችንም የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች የተመቹ እንዲሆኑ ደንግጓል። ሕግ ግን በሩን ቢያሰፋ እንኳ በበሩ የሚቆመውን ሰው አያሠለጥንም፤ ያ የትምህርት ሥራ ነው።

የዚህ ትምህርት መጀመሪያ ጥያቄ ነው። እኛ ኢትዮጵያውያን ርኅራኄ አይጎድለንም፤ ዓይነ ስውር መንገድ ሲሻገር ስናይ በትሩን ይዘን የምንስብ፣ በምርኩዝ የሚሄደውን ሳንጠይቀው ብብቱን የምንይዝ፣ በተሽከርካሪ ወንበር የመጣውን እንግዳ ትተን አብሮት ያለውን ሰው «እሳቸው ምን ይበላሉ?» የምንል ነን። ይህ ሁሉ ከደግ ልብ የሚወጣ ቢሆንም፣ በትሩ የተያዘበት ሰው ዓይኑን እንደ ተያዘ፣ ብብቱን የተያዘውም ሚዛኑን እንደ ተነጠቀ ይሆናል። ስለዚህ ሠልጣኙ ከሁሉ በፊት የሚማረው ሥርዓት፣ ሳይነኩ መጠየቅን፣ ጠይቆም መልሱን መጠበቅን፣ እንግዳው «አልፈልግም» ያለ እንደ ሆነ ሳይቀየሙ መተውን ነው።

ከዚህ በኋላ ትምህርቱ ወደ እጅ ሥራ ይወርዳል። ዓይነ ስውሩን የሚመራ ሰው ክንዱን ያቀርባል፤ እንግዳው ከክርኑ ከፍ ብሎ ይይዘዋል፤ መሪውም ግማሽ እርምጃ ቀድሞ ሲሄድ፣ የመሪው ሰውነት መውጣትና መውረድ ለተመሪው መልእክት ይሆነዋል። ደረጃ ሲደርሱ ቆም ብሎ መውጫ መሆኑን ወይም መውረጃ መሆኑን መናገር ይገባል። ለማስቀመጥ እንግዳውን ገፍቶ ማስቀመጥ ሳይሆን እጁን በወንበሩ መደገፊያ ላይ ማሳረፍ ይበቃል። በማዕድ ጊዜም የእንጀራው ገበታ እንደ ሰዓት ገጽ ይቆጠርና ምስሩ በ12 ቁጥር፣ ጎመኑ በ3፣ ዶሮው በ6 አቅጣጫ መሆኑ ይነገረዋል፤ እንግዳውም አጉራሽ ሳያስፈልገው በገዛ እጁ ይመገባል።

ተሽከርካሪ ወንበር የተቀማጩ የሰውነት ክፍል ያህል ነውና ያለ ፈቃድ አይያዝም፤ ቁልቁለቱ የበረታ እንደ ሆነ ረዳቱ ከታች በኩል ሆኖ ወንበሩን ወደ ኋላ እያወረደ ይይዛል እንጂ ፊት ለፊት አይለቅም። በአየር መንገዶችም ዘንድ ወንበር የሚጠይቀው መንገደኛ ሁሉ እንደ አንድ አይታይም፤ ደረጃ መውጣት ቢችልም ረጅም መንገድ የማይችለው፣ በሜዳ ጥቂት ቢራመድም ደረጃ የማይወጣው፣ እስከ መቀመጫው ድረስ መወሰድ ያለበትም ለየብቻ ይመዘገባሉ።

መስማት ለተሳነው እንግዳ ደግሞ ብርሃን የጆሮ ያህል ነው። አስጎብኚ ሥዕሉን እያየ፣ ጀርባውን ለእንግዳው ሰጥቶ ቢናገር ንግግሩ ከንቱ ይሆናል፤ በጨለማ ቤተ መቅደስ ውስጥ የምልክት ቋንቋም የከንፈር ንባብም አይታይም። ስለዚህ የተማረ አስጎብኚ ታሪኩን አስቀድሞ በውጭ በብርሃን ይተርክና ከዚያ በኋላ ወደ ውስጥ ያስገባል፤ አስተርጓሚ ቢኖርም ዓይኑን ከእንግዳው አያነሣም።

ከሁሉ ይልቅ የሚከብደው ትምህርት ግን እውነት መናገር ነው። «ሆቴላችሁ ይመቻል ወይ?» ተብሎ ሲጠየቅ በመልካም ፈቃድ «እጅግ ይመቻል» የሚል ሠራተኛ፣ እንግዳውን ከሩቅ አገር አምጥቶ ከመታጠቢያ ቤቱ ደፍ ላይ ያስቀረዋል። የሠለጠነው ግን ሜትር ይዞ ይለካል፤ የደረጃውን ብዛት፣ የበሩን ስፋት በሳንቲ ሜትር፣ የአልጋውን ከፍታ ይናገራል፤ አንድ ሜትር ለሚወጣ ተዳፋት መወጣጫ (ራምፕ) 12 ሜትር ርዝመት እንደሚያሻውም ያውቃል። ፍርዱን ለእንግዳው ይተዋል፤ የገዛ ጉልበቱን ከእንግዳው ይበልጥ የሚያውቅ የለምና።

በዚህ ትምህርት መምህር ሊሆን የሚገባው አካል ጉዳተኛው ራሱ ነው። ሠልጣኙን ለአንድ ሰዓት ዓይኑን ሸፍኖ ማስኬድ በአንዳንድ ስፍራ የተለመደ ነው፤ ይሁን እንጂ ያ አንድ ሰዓት የሚያስተምረው የመጀመሪያውን ቀን ድንጋጤ እንጂ፣ ዘመኑን ሁሉ በዚያ የኖረውን ሰው ጥበብ አይደለም። በአብነት ትምህርት ቤቶቻችን ቅኔን ከነምሥጢሩ፣ መጽሐፍን ከነትርጓሜው በቃላቸው ይዘው የሚያስተምሩ ዓይነ ስውራን ሊቃውንትን ያየ ሕዝብ ይህን ለማመን አይቸገርም።

የላሊበላን 11 አብያተ ክርስቲያናት የተሳለመ ሰው፣ ሲኦልን ይመስላል የሚባለውን ያንን ጨለማ ዋሻ ያስታውሳል። ዓይናማው ሁሉ በዚያ ሲያልፍ ግድግዳውን በእጁ እየዳሰሰ፣ የፊተኛውን ሰው ድምፅ እየተከተለ ይሄዳል፤ ዓይነ ስውሩ እንግዳ ግን በዚያ ስፍራ ከሁላችን ይልቅ የለመደው መንገደኛ ነው። እንግዲህ ጉዳት በሰውየው አካል ብቻ ሳይሆን በመንገዱም እንደሚወሰን ዋሻው ያስተምረናል፤ ከዐለት የተፈለፈለውን ደረጃ መናድ የማይገባ ቢሆን እንኳ፣ በደረጃው ላይ የሚቆመውን ሰው ማስተማር ይቻላል።

ስለዚህ አስጎብኚዎችንና አስተናጋጆችን የምታሠለጥኑ ሁሉ፣ ይህን ትምህርት ለመጨረሻው ሳምንት የምታቆዩት ትርፍ ምዕራፍ አታድርጉት፤ በመጀመሪያው ቀን አስተምሩት። ይህን የምታነቡም፣ ነገ በደጃችሁ እንግዳ ቢቆም፣ እጃችሁን ከመዘርጋታችሁ በፊት «እንዴት ልርዳዎ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱንም እስኪጨርስ ድረስ ስሙ።