የዘይት ማፍሰሻ ቀዳዳ ጥርስ መበላት

የዘይት ማፍሰሻ ቀዳዳ ጥርስ መበላት በመኪና ሞተር ግርጌ ባለው የዘይት መያዣ (በጋራዥ አጠራር ኮፓ) ላይ የሚገኘው የማፍሰሻ ቀዳዳ የውስጥ ጥርስ ተበልቶ ብሎኑን አጥብቆ መያዝ ሲያቅተው የሚከሰት ብልሽት ነው። ብሎኑ ሳይጠብቅ ዝም ብሎ ይዞራል፣ ወይም የጠበቀ መስሎ ዘይት ያንጠባጥባል። ጉዳቱ የአንዲት ቀዳዳ ቢሆንም ብሎኑ በጉዞ ላይ ከወለቀ ዘይቱ በአጭር ጊዜ ፈስሶ ስለሚያልቅ ሞተሩን በሙሉ ሊያሳጣ ይችላል።

ምክንያት

የብዙ መኪኖች ኮፓ ከአሉሚኒየም የተሠራ ሲሆን ብሎኑ ግን ብረት ነው። ስለዚህ ከመጠን በላይ ሲጠብቅ ቀድሞ የሚበላው የኮፓው ጥርስ ነው። ዋና ዋና ምክንያቶቹ የሚከተሉት ናቸው፦

* ብሎኑን ከልክ በላይ ማጥበቅ፤
* ብሎኑን አጣሞ አስገብቶ በቁልፍ ማስገደድ፤
* ያረጀ ሮንዴላ ሲያንጠባጥብ ሮንዴላውን ከመቀየር ይልቅ ብሎኑን ደጋግሞ ማጥበቅ፤
* መጠኑ ተቀራራቢ የሆነ የሌላ መኪና ብሎን መጠቀም።

በብዙ የቶዮታ ትናንሽ ሞተሮች ላይ ብሎኑ 12 ሚሊሜትር ውፍረትና 1.25 ሚሊሜትር የጥርስ ርቀት ያለው ሲሆን የሚጠብቀው ወደ 40 ኒውተን ሜትር በሚጠጋ ኃይል ነው። ይህ በ20 ሴንቲሜትር ቁልፍ ጫፍ ላይ 20 ኪሎ ግራም ያህል ክብደት እንደማንጠልጠል ነው። ቁልፉ ላይ ቧንቧ ተሰክቶ ርዝመቱ 60 ሴንቲሜትር ቢደርስ ያው የእጅ ጉልበት ሦስት እጥፍ ይሆናል።

በዳገትና ቁልቁለት መንገድ ላይ ያለው አደጋ

ዘይቱ ከኮፓው በመምጠጫ ተስቦ በፓምፕና በፊልትሮ በኩል ወደ ብሮንዚኖቹና ወደ ኮሎው ይደርሳል። ዘይት ሲያንስ፣ መኪናው ሽቅብ ወይም ቁልቁል ባዘነበለ ቁጥር የቀረው ዘይት ወደ አንድ ወገን ስለሚሸሽ መምጠጫው አየር ይስባል። በሜዳ ላይ ያልታየ ጉድለት በዳገት ላይ ብሮንዚን የሚያቃጥለው በዚህ ምክንያት ነው።

ከጎንደር በደባርቅ በኩል ወደ ዛሪማና ወደ አዲ አርቃይ የሚወስደው መንገድ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን (ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.) የተሠራው የሊማሊሞ መንገድ ከደባርቅ ደጋ ተነሥቶ በተደጋጋሚ ጥምዝ ወደ ዛሪማ ቆላ ይወርዳል። በእንዲህ ያለ መንገድ ላይ ቀዩ የዘይት መብራት ከበራ መኪናውን ደህና ቦታ አቁሞ ሞተሩን ወዲያው ማጥፋት ያስፈልጋል። ሞተሩን ለማዳን ሲባል አጥፍቶ ቁልቁለቱን መንሸራተት ግን ለሕይወት አስጊ ነው፤ የሞተሩ የመያዝ ኃይል ይጠፋል፣ የፍሬኑ አጋዥ ከጥቂት ርግጫ በኋላ ያልቃል፣ መሪውም ይከብዳል። የተሻለው አማራጭ መኪናውን ማስጫን ወይም ባለሙያ ወዳለበት ቦታ ማስጠራት ነው።

ቀዳዳውን በእንጨት ወይም በጨርቅ መወተፍ ሙቀትና ንዝረት አይችልም። በብሎኑ ላይ የሚጠመጠም የቧንቧ ፕላስተርም ለጥርሱ ጥንካሬ አይጨምርም።

የጥገና መንገዶች

መጀመሪያ የተበላው የብሎኑ ጥርስ ይሁን የቀዳዳው መለየት አለበት። የተበላው የብሎኑ ብቻ ከሆነ አዲስ ብሎንና አዲስ ሮንዴላ ይበቃል። ቀዳዳው ከተበላ የሚከተሉት አማራጮች አሉ፦

1. ራሱ ጥርስ እያወጣ የሚገባ ወፈር ያለ ብሎን፦ ርካሽና ፈጣን ነው። ነገር ግን ተጣሞ ከገባ አሉሚኒየሙን ሊሰነጥቅ ስለሚችል እንደ ጊዜያዊ መፍትሔ ይታያል።

2. ቀዳዳውን ማስፋት፦ የ12 ሚሊሜትሩ ቀዳዳ በ12.5 ሚሊሜትር መሰርሰሪያ ይሰፋና 14 ሚሊሜትር ውፍረት፣ 1.5 ሚሊሜትር የጥርስ ርቀት ያለው አዲስ ጥርስ ይወጣለታል። ለዚህ በቀዳዳው ዙሪያ በቂ ውፍረት ሊኖር ይገባል።

3. የጥርስ እጅጌ ማስገባት፦ ቀዳዳው ይሰፋና ውስጡ የመጀመሪያውን መጠን የያዘ የብረት እጅጌ ይገባል፤ የቀድሞው ብሎንም ያገለግላል። ሄሊኮይል የሚባለው የሽቦ ጥቅል ጥርስ ጠንካራ ቢሆንም በሽቦው መሐል ዘይት ሊያሳልፍ ይችላል። ለዘይት ቀዳዳ ድፍን እጅጌ ይመረጣል።

4. ብየዳ፦ ኮፓው የብረት ላሜራ ከሆነ ተፈትቶ፣ ዘይቱ በደንብ ታጥቦ አዲስ ዳዶ ይበየድበታል። አሉሚኒየም ከሆነ የአርገን ብየዳ ያስፈልገዋል።

5. ኮፓውን መቀየር፦ በቀዳዳው ዙሪያ ስንጥቅ ካለ አስተማማኙ መንገድ ይህ ነው።

ኮፓው ሳይፈታ ጥርስ ሲወጣ መኪናው በክሪክ ብቻ ሳይሆን በጽኑ መደገፊያ ላይ መቆም አለበት። የጥርስ ማውጫው ግራሶ ተቀብቶ ከቀዳዳው ጋር ቀጥ ብሎ ይገባል፤ ግማሽ ዙር ወደፊት ሩብ ዙር ወደኋላ እየተባለ ይዞራል፣ በየመሐሉም እየወጣ ይጠረጋል። በመጨረሻ ጥቂት ርካሽ ዘይት ከላይ ተጨምሮ በክፍቱ ቀዳዳ እንዲፈስ ይደረጋል። ፓምፑ ከፊልትሮው በፊት ስለሚገኝ ውስጥ የቀረ ብናኝ መጀመሪያ የሚጎዳው ፓምፑን ነው። ኮፓውን ፈትቶ ወደ ቶርኖ ቤት መውሰድ የበለጠ ድካም ቢኖረውም ይህን ስጋት ያስቀራል።

ከጥገና በኋላ ሞተሩ ተነሥቶ እስኪሞቅ ይጠበቃል፤ ቀዳዳው ሥር ንጹሕ ወረቀት ተነጥፎ ጠብታ መኖሩ ይታያል። በማግስቱም የዘይቱ መጠን በመለኪያው ዘንግ እንደገና ይታያል።

ጥንቃቄ

ብሎኑ ሁልጊዜ መጀመሪያ በጣት ብቻ መግባት አለበት፤ በጣት ለጥቂት ዙር ካልገባ ተጣሟል ማለት ነው። ሮንዴላው ዘይት በተቀየረ ቁጥር ይቀየራል፣ ማጥበቂያውም ኃይል በሚለካ ቁልፍ ይሆናል። ጥርሱ የደከመ ነገር ግን ገና የማያንጠባጥብ ከሆነ ብሎኑን ሳይነኩ ዘይቱን በመለኪያው ዘንግ ቀዳዳ በኩል በመምጠጫ ማውጣት ይቻላል፤ ይህም ለጥገናው የሚሆነው መሣሪያ እስኪገኝ ድረስ ጊዜ ይሰጣል።